ዘጠኝ ከሃያ አምስት

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለረዲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አዋሽ እንዴት እንደከረመች ሬዲዮኑም መንገደኛውም ሲነግረኝ ነው የሰነበተው። መሬቱ እዚያ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እኔ እዚህ ሻይ ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቼ «ምነው ሙኒያ፣ ሰመራም ደረሰ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ አዋሽ ላይ ሰው የላቸውም።

የጠየቅኸውን ልመልስልህ። አዎ፣ ሥዕሎችህ ያሉበት ቱቦ ደርሷል። ሾፌሩ ጥሩሰው ከጋቢናው እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አውርዶ ነው የሰጠኝ። አዎ፣ ክዳኑ በፕላስተር እንደታሸገ ነበር። አዎ፣ ስድስቱም አሉ፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አልታጠፉም፣ አልተጨማደዱም። ከግርጌያቸው በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ስድስቱም ላይ ዘጠኝ ከሃያ አምስት ይላል፣ የሠዓሊዋ የአትክልት ፊርማም አለ። በቃህ? እንግዲህ ተራው የኔ ነው።

አንተስ የታለህ?

የአዋሽ ሰው ዕቃውን እየጫነ እየወጣ ነው ሲባል፣ እኔ ሞኟ አንተም የምትመጣ መስሎኝ የኋላውን ክፍል አጸዳሁ። ፍራሹን ፀሐይ አስመታሁ። ጥሩሰው መኪናውን ደጄ ላይ ሲያቆም በወዲያኛው በር በኩል ዞሬ የሚወርድ ሰው ጠበቅሁ። በሩ አልተከፈተም። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጥሩሰው ገብቶት ፊቱን አዙሮ ጎማውን መምታት ጀመረ።

ሰው ከአደጋ ልጁን ያሸሻል፣ ከብቱን ያሸሻል። አንተ ወረቀትህን አሽሽተህ ራስህን እዚያው ተውከው! ይኼ ምን ይባላል?

ደግሞ እኔና አንተ የተዋወቅነው በወረቀት አልነበረም። ያቺ አትክልት የምትባል ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጥታ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በመጥረጊያና በሚረጭ ቀለም ፊደል በፊደል ስታደርገው፣ አንተ የጭነት መኪና መብራት ልትጠግን መጥተህ በረንዳዬ ላይ ሻይህን እያቀዘቀዝክ ስታያት ዋልክ። እኔ አንተን ሳይ ዋልኩ። ማታ ላይ «ይቺ ልጅ የምታትመውን ሁሉ እሰበስባለሁ» አልክ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከአንዱ ፊደል ሃያ አምስት ወረቀት ብቻ አትማ የምታትምበትን ጨርቅ ትቀደዋለች፣ አንተ ዘጠነኛውን ትገዛለህ፣ ጠቅልለህ የውሃ ቱቦ ውስጥ ትከተዋለህ። ሁለት ዓመት ሆነን እኮ።

ስልክ ደውል አትበለኝ። አንተ ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብቻ ነህ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ትመስላለህ፤ ስለዚህ መልስህን ጻፍልኝ። ከሁሉ በፊት የት እንደምታድር ጻፍ።

ሙኒያ


አዋሽ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙኒያ፣

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጃለሁ፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል የት ላይ እንደማስገባው ስላላወቅኩ ነው። እንግዲያው እዚሁ መጀመሪያው ላይ ይሁን። ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፍሉን ማጽዳትሽን አላወቅኩም ነበር።

«ለምን አብረህ አልመጣህም?» ላልሽው፣ ጋራዡን ለማን ጥዬ ልምጣ? ባለቤቱ ጋሼ ሸዋንግዛው ቤተሰቡን ይዞ አዳማ ሄዷል። ከመካኒኮቹም ብዙዎቹ የሉም። የጅቡቲ ጭነት ግን መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ አይቆምም። መብራቱ የጠፋበትም፣ ባትሪው የሞተበትም፣ ዲናሞው የተቃጠለበትም እኔ ጋ ነው የሚቆመው። «የት ታድራለህ?» ላልሽው ደግሞ፣ ጥሩ ቦታ ነኝ፣ በዚህ አታስቢ። የክፍሌ ግድግዳ ትንሽ ተሰንጥቋል። ትንሽ ነው።

አሁን ስለ ልጆቹ። አትሳቂ፣ እኔ ልጆቹ ነው የምላቸው። እባክሽን አልጋ ላይ ደጋግመሽ አትዘርጊያቸው። ወደ ቱቦው መልሰሽ ክዳኑን ግጠሚ። ከቆርቆሮው ሥር አታድርጊው፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያለሰልሰዋል። የቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ይሻላል። የሻይ እንፋሎት እንዳያገኘው፤ ፀሐይማ ጨርሶ! ከነካሻቸው በኋላም ክዳኑ መጥበቁን እይልኝ።

ያሳሰበኝ አንዲት ብቻ ስለቀረችን ነው። ሞ ስትወጣ የመ ቤት ሰባቱም ይሞላሉ። የአትክልትን ደንብ ታውቂያለሽ፤ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩ የሚጠበቅለት እስከ ቀትር ነው፣ ያውም ራሱ በሯ ላይ ከተገኘ። በስልክ አይሆንም፣ በሰው አይሆንም። ቀትር ካለፈ ለመጣው ሰው ትሰጠዋለች። ሙ የወጣች ቀን ትዝ ይልሻል? ከሌሊት ተነስቼ ሄጄ በሯ ላይ የመጀመሪያው ሰው ነበርኩ። «ይቺ ፊደል ምንህ ናት?» ስትለኝ «የአንዲት ሰው ስም መጀመሪያ ናት» አልኳት። ያቺ ወረቀት ያንቺ ናት። ሌሎቹን ለራሴ ነው የገዛሁት፣ እሷን ግን ላንቺ ነው።

ሞን ይዤ እመጣለሁ ሙኒያ። ሰባቱ ሲሞሉ ይዣት እመጣለሁ፣ ያኔ የምናወራው ነገር አለኝ። እስከዚያ ባዶ እጄን ደጅሽ ላይ መቆም ከበደኝ።

ናፍቀሽኛል። ስልክ ላይ ይህን አልልም፣ ጋራዡ ውስጥ ሰው ይሰማኛል።

ረዲ


ሰመራ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረዲዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። «ጥሩ ቦታ ነኝ» ያልከው ጥሩ ቦታ የተበላሸ መኪና ጋቢና መሆኑን ጥሩሰው ነግሮኛል። «እግሩን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚተኛው» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ውሸታም! ሰው ስለ አዳሩ ይዋሻል?

በኋላ በላክኸው ወረቀት «እንዴት ናቸው?» ላልከው፣ ደህና ናቸው። «ክዳኑ ጠብቋል?» ላልከው፣ ክዳን አያስፈልጋቸውም፤ ወደዚያው እመጣለሁ። «አንቺስ?» ያልካት ከታች ተጨንቃ የተጻፈችውን ቃልም አግኝቻታለሁ። እኔ ናፍቆት ብቻ ነኝ። ሰሞኑን ከአዋሽ በኩል የሚመጣ መኪና መብራቱ ደምቆ ካየሁ «ይኼን ረዲ ነው የሠራው» እላለሁ። ያልሠራኸውንም አንተ ላይ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ደስ የማይለውን ልንገርህ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ቤቱን ለራሱ ሊሠራበት ነው፣ ከዒድ በኋላ ልቀቂ ብሎኛል። ወንድሜ አብዱናሲር ይህን ሰምቶ «በቃ ኮምቦልቻ ተመለሺ፣ መኪና ይዤ መጥቼ እጭንሻለሁ» እያለ ነው። እሱ ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ ብቻዬን መኖሬን አንድም ቀን ወዶት አያውቅም። «እዚያ ምን አለሽ?» ይለኛል። እኔም ምን አለኝ እንደምለው አላውቅም። ምን ልበለው ረዲ? ሌላ ቤት መከራየት አያቅተኝም። ለማን ብዬ ነው የምከራየው?

እሺ፣ አሁን ደስ የሚለውን። ለረመዳን ብዬ ቤቱን ነጭ ቀለም አስቀባሁት። ልቀቂ የተባልሽውን ቤት ምን ያስቀባሻል በለኝ፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው። ከተቀባ በኋላ ባዶውን ግድግዳ ሳየው፣ ስድስቱ እዚያ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልለው... አልቻልኩም። ግን ደግሞ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ ዝንቡ፣ እንፋሎቱ ያልከው ሁሉ ትዝ አለኝ። ከዚያ መፍትሔው መጣልኝ! ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ስድስቱንም ላሚኔት አስደረግኋቸው። ትልቁን ወረቀት የሚያስገባ ማሽን አለው። የኔ የትምህርት ማስረጃ ላሚኔት ነው፣ የአባቴ ፎቶግራፍ ላሚኔት ነው፣ እኛ ቤት የተከበረ ነገር ሁሉ ላሚኔት ነው፤ እንዴት እስከዛሬ አላሰብነውም? ቁጥርህም ፊርማውም ከፕላስቲኩ ሥር ነው፣ ከእንግዲህ ማንም በእጁ አይነካብህም። ቢቆሽሹ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው። ሙ ብቻ፣ ብርማው ቀለሟ ማሽኑ ሲሞቅባት ትንሽ አረፋ አወጣች። እንደኔው ናት፣ እሳት ሲነካት ዝም አትልም።

ግድግዳው ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ከዳር ለሞ የሚሆን ቦታ ትቻለሁ። ደንበኛው ሁሉ እየቆመ ፎቶ ያነሳቸዋል። መጥተህ እስክታያቸው ቸኩያለሁ!

ሙኒያ


ሰመራ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለረዲ፣

ወረቀትህ ደርሶኛል። ደብዳቤ አልለውም፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። በረመዳን፣ ላፈጥር ስቀመጥ ነው ጥሩሰው የሰጠኝ። «ማን ንኪ አለሽ? ስድስቱንም ገደልሻቸው» ይላል። ደግሜ አነበብኩት፣ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ያልጠየቅኸውንም ልመልስ። አይ፣ ፕላስቲኩ አይላጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ተመልሼ ሄጄ ለመንኩት። ሰውየው በም ጥግ በኩል በምላጭ ሲሞክር ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ተነሳ። ጮኼ አስቆምኩት። ከዚያ ወንበር ሰጠኝ፣ መቀመጡ አላስቻለኝም እንጂ። አዎ፣ አሁን ገብቶኛል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ላሚኔት ማለት ጨርሶ ማበላሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። አንተ ስለ ፀሐይ ነገርከኝ፣ ስለ እንፋሎት ነገርከኝ፣ ስለ ክዳኑ በየደብዳቤው ነገርከኝ፤ ስለዚህ ግን አልነገርከኝም። ላስቀምጣቸው ብዬ ነው ያጠፋኋቸው። በዚህ አዝኛለሁ፣ ከልቤ ነው ይቅርታ የምልህ።

ግን አንድ ነገር አለኝ፣ ልናገረው። እኔ ላንተ የወረቀት ጠባቂ ነበርኩ እንዴ? ከቤቴ ልወጣ ነው ብዬ ጽፌልህ ነበር እኮ! ወንድሜ ሊወስደኝ ነው፣ ምን ልበለው ብዬ ጠይቄህ ነበር። ለዚህ አንዲት ቃል የለህም። ለወረቀቱ ግን ቁጣም አለህ፣ እንባም አለህ። አንተ የምትወደውን ነገር ጠቅልለህ፣ ክዳን ገጥመህ፣ ፀሐይ የማያየው ቦታ ታስቀምጣለህ። እኔንም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው ያስቀመጥከኝ። ሰለቸኝ ረዲ። እኔ የቁም ሳጥን ሰው አይደለሁም።

አምስቱን በጥሩሰው ልኬልሃለሁ። ከእንግዲህ አይጠቀለሉም፣ ቱቦው ውስጥም አይገቡም፤ ስለዚህ በብስኩት ካርቶን መካከል ጠፍጥፌ አስሬያቸዋለሁ። ሙን አልላክሁም። ያንቺ ናት ብለህ ጽፈህልኛል፣ በእጅ ጽሑፍህ። አረፋዋን ይዛ እኔ ጋ ትኖራለች።

አብዱናሲርን ና ብዬዋለሁ። ከዒድ በኋላ ይመጣል።

ጾሙን አላህ ይቀበልህ።

ሙኒያ


አዋሽ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙኒያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። በዚያች ወረቀት ላይ የጎደለውን ሰላምታ አሁን ልክፈል ብል አይከፈልም። በአንቺ ላይ እንዲያ ብሎ የጻፈ እጅ ይቆረጥ! ደብዳቤሽን ጋቢናው ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። «የቁም ሳጥን ሰው አይደለሁም» የሚለው ላይ ስደርስ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ እስከ አፍጥር ድረስ የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም።

አምስቱ ደርሰዋል። ስለ እነሱ መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን የሆነውን ልንገርሽ።

ጋራዡ አሁን ሁሉም ጾመኛ ነው፤ የእኛ ረመዳን፣ የእነ ጋሼ ሸዋንግዛው ሁዳዴ ገጥሞ ቀን ላይ የሚያኝክ ሰው የለም። ጋሼ ሸዋንግዛው ከአዳማ ተመልሷል። ካርቶኑን ፈትቼ አምስቱን ሳያቸው የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። አይጠቀለሉ፣ አይታጠፉ። መሬት ላይ እንዳላደርጋቸው ዘይት ነው። በመጨረሻ ሚስማር ፈልጌ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ፣ ያ የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። ሙኒያ፣ እኔ እነዚህን ወረቀቶች ከገዛኋቸው ጀምሮ ተሰቅለው አይቻቸው አላውቅም። አንድም ቀን። እገዛለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ እጠቀልላለሁ። አትክልት በመጥረጊያ የሳበችው ያ ወፍራም መስመር ከአንዱ ወረቀት ወጥቶ ወደሚቀጥለው እንደሚገባ አሁን ነው ያየሁት። ከመ የወጣው መስመር ግን መግቢያ አጥቶ ይቆማል፣ ቀጥሎ ሙ የለችማ።

ከጎናችን መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ መሀመድአሚን ገቡና በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «መ...» አሉና ባዶው ላይ ቆሙ። «ሙስ? ሙ የት ሄደች?» አሉኝ። መካኒኮቹ ሁሉ ያዩኛል። ፊውዝ የማመጣ መስዬ ወጣሁ። አሁን የገባ የወጣው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል፣ ደንበኛውም፣ ሾፌሩም። ስምሽን ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ አንቺን ይጠይቁኛል።

አትክልትን ደውዬላት ነበር። ላሚኔት ተደርገዋል ብዬ ነገርኳት። «በቃ፣ እነሱን እንግዲህ የሚፈልጋቸው ሰብሳቢ የለም» አለች። ሌላ ማተም አትችልም፣ የታተሙባቸው ጨርቆች ተቀደዋል። «ለመሆኑ ግድግዳ ላይ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት «ደስ ይላል» አለች፤ ምን እንደሚያስደስት አልነገረችኝም።

ለጥያቄሽ ልመለስ። ወንድምሽን ምን ትበይው? እኔ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ማለት የነበረብኝ ነገር አለ፣ ፈርቼ ነው። የራሴ ቤት የለኝም፣ በዚህ ዕድሜ የሰው ጋራዥ ውስጥ ነኝ፣ አንቺ ደግሞ የራስሽን ቤት የምታስተዳድሪ ሴት ነሽ። ሰባቱ ይሙሉ እያልኩ ተደበቅኩበት። ናፍቆትሽ ግን አልተደበቀልኝም። ሻይ አዝዤ እስኪቀዘቅዝ አስቀምጠዋለሁ፣ እንዲያው ያንቺን በረንዳ ያስታውሰኛል ብዬ። ይቅር በይኝ።

ሞ መጋቢት 27 ቅዳሜ ትወጣለች። ልነግርሽ ይገባል ብዬ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽምና።

ረዲ


ሰመራ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረዲ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤህን አንብቤያለሁ። ሐጂ ያሉትን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ አልዋሽህም። ከዚያ እንደገና ሳነበው አልሳቅኩም።

ይቅር ብዬሃለሁ፤ በዚህ ወር የማላደርገው አይደለም። ፈርቼ ነው አልክ፣ አምንሃለሁ። ናፍቀሽኛል አልክ፣ እሱንም አምንሃለሁ። እመጣለሁ ግን አላልክም። ደብዳቤውን አገላብጬ ከጀርባው ሁሉ ፈለግሁት፣ የለም። ቤት የለኝም ያልከው ደግሞ አናደደኝ። እኔ ቤት አለህ ብዬ ነው እንዴ ፍራሽ ፀሐይ ያስመታሁት?

አብዱናሲር አይሱዙ ተከራይቶ ቅዳሜ መጋቢት 27 ጠዋት እዚህ ይደርሳል። አዎ፣ ያቺው ቅዳሜ። እኔ አልመረጥኩትም፣ መኪናው የተገኘው ለዚያ ቀን ነው። ወንበሮቹን ለጎረቤቴ ለአሪፋ ሰጥቻለሁ። ጀበናና ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልያለሁ። ግድግዳው ላይ ሙ ብቻ ቀርታለች፣ እሷን መጨረሻ ላይ አወርዳታለሁ።

አንተ ወደ አዲስ አበባ ሂድ። ለሁለት ዓመት የጠበቅኻት ናት፣ በኔ ምክንያት እንድትቀርብህ አልፈልግም። የምሬን ነው፣ ጠዋት ተነስተህ ሂድ፣ ቁጥርህን ውሰድ። እኔን ግን ከእንግዲህ ጠብቂኝ አትበለኝ። በጣም ወድጄህ ነበር። አሁንም እወድሃለሁ፣ ምን ይደረጋል፤ ኮምቦልቻም ሆኜ ከዚህ የሚያድነኝ የለም። ግን ደጅ ላይ ቆሞ የመኪና በር ማየት በቃኝ።

ዒድ ሙባረክ፣ ከወዲሁ።

ሙኒያ


ገዋኔ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ

ሙኒያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን የምጽፈው ገዋኔ ላይ፣ ጎማ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ በዚያ ነው። ወደ ሎጊያ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል፣ ሾፌሩ እስኪበላ ነው ያለኝ ጊዜ። ይህን ወረቀት ዛሬ ማታ አንቺ ጋ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል። ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ዘግተሽው ከሆነም አልፈርድብሽም።

ጠዋት አዋሽ ላይ ትልቅ ቦርሳዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተልኝ። ረዳቱ «ትገባለህ ወይስ?» አለኝ። አልገባሁም። ተመልሼ ጋራዥ ገባሁና ጋሼ ሸዋንግዛውን «ሚስት ላገባ ነው፣ ሽማግሌ ሁነኝ» አልኩት። ከመኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ተንፏቆ ወጣና «ለዚህች ለሙ?» አለኝ። ስምሽን ነግሬው አላውቅም ነበር። ሐጂ መሀመድአሚን ሱቃቸውን ወዲያው ቆለፉ። ጥሩሰው ወደ ጅቡቲ ባዶውን እየወረደ ስለነበር ሁላችንንም ጋቢና ውስጥ ጠቀጠቀን። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት ሲባል «ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ የዚህን ጉዳይ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብሎ ራሱን ሾመ። ሐጂ ወንድምሽ ፊት ምን እንደሚሉ መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱ ነው የመጡት። ጋሼ ሸዋንግዛው ገና ሁዳዴ ላይ ስለሆነ እዚህ የሚበላ የጾም ነገር አጥቶ በሙዝ ነው ያለው፤ እንዲህ ርቦት ሽምግልና እንዳይበላሽብኝ ፈርቻለሁ።

ነገ ቀትር ላይ ቁጥር ዘጠኝ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። የመ ቤት እኔ ጋ ከእንግዲህ አይሞላም። ልቤን ቅር አላለውም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ እዚህ ገዋኔ እስክንደርስ ደጋግሜ ወደ ኋላ ዞሬያለሁ። መልሰህ አውርደኝ ግን አላልኩም። ሞን እወዳት ነበር። አንቺን ግን በሷ ምክንያት ኮምቦልቻ ድረስ ልፈልግሽ አልችልም፣ በዚያ ላይ ወንድምሽ እዚያ ብዙ ዘመድ አለው።

አምስቱን ይዣቸዋለሁ፣ ከጋቢናው ኋላ መኝታው ላይ ናቸው፤ ሐጂ ተደግፈዋቸው ነው የመጡት። ቤት የለኝም፣ አሁንም የለኝም። የያዝኩት ቦርሳዬንና የሥራ ዕቃዬን ነው። ሰመራ ላይ መብራት የሚጠፋበት መኪና አይጠፋም። ግድግዳ ያለው ቤት ግን አብረን እንከራያለን፣ አንቺ ምረጪ።

አብዱናሲር ከኔ በፊት ከደረሰ ሻይ ስጪው፣ አስቀምጪው፣ እንዳያስጭንሽ። ሚኒባሱ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ሙኒያ፣ ጠብቂኝ አትበለኝ ብለሻል፣ እኔም አልልሽም። እየመጣሁ ነው ነው የምልሽ። መኪናችን ጎማው ፈንድቷል፣ ሽማግሌዎቼ ሦስቱም ከሥሩ ናቸው፤ እጃቸውን እንደታጠቡ እንነሳለን።

ረዲ